ለወጣቶች ሥልጠና የሚለገስ ገንዘብ በምን ይመዘናል?

ልጁን አስተምሮ ለዲፕሎማ ያበቃ ወላጅ የድካሙን ፍሬ አየ ይባላል። አባባሉ እውነት ሊሆን የሚችለው ግን ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት በመጀመሪያ ዓመቱ የሚገባበት የሥራ በር ክፍት ሆኖ ሲቆይ ነው። ያ በር የጀማሪ ጸሓፊ፥ የሒሳብ መዝገብ ያዥ፥ የደንበኞችን ጥያቄ ተቀባይ፥ የጀማሪ ኮምፒዩተር ሠራተኛ በር ነው። ወጣቱ በዚያ ገብቶ ከታላላቆቹ እያየ፥ ሲሳሳት እየታረመ፥ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ሙሉ ሠራተኛ ይሆናል። ዛሬ በዚህ በር ላይ ሌላ ተወዳዳሪ ቆሞበታል፤ ይኸውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒዩተር ጥበብ ነው።

ይህ ጥበብ ከእጅግ ብዙ ጽሑፍና ሥዕል የነገርን አካሄድ ለይቶ ከተማረ በኋላ፥ ሲጠየቅ ደብዳቤ የሚያረቅቅ፥ ረዥሙን ጽሑፍ የሚያሳጥር፥ ለኮምፒዩተር የሚሰጠውን ትእዛዝ እንኳ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። ቻትጂፒቲ የተባለው በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ የዚህ ጥበብ ስም ያልደረሰበት ቤት ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

ነገሩ ወሬ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ጥናት በነሐሴ ወር 2025 በአሜሪካ አገር ወጥቷል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንድ ትልቅ ደመወዝ ከፋይ ኩባንያ መዝገብ መርምረው፥ ለዚህ ጥበብ እጅግ በተጋለጡ የሥራ ዐይነቶች ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 25 ዓመት የሆኑ ሠራተኞች ቁጥር ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር 13 በመቶ ያህል ቀንሶ አገኙት። በእነዚያው ሥራዎች ላይ የሚገኙ፥ በዕድሜና በልምድ የበለጸጉ ሠራተኞች ግን ቁጥራቸው ባለበት ጸንቷል ወይም ጨምሯል። እንግዲህ መሣሪያው አስቀድሞ የነካው ልምድ ያለውን ሳይሆን ልምድ ሊቀስም የመጣውን ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሥራ ከምድር ላይ ይጠፋል ብሎ መሸበር አይገባም። የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም በጥር ወር 2025 ባወጣው ግምት፥ እስከ 2030 ድረስ በዚህ ጥበብና በሌሎችም ምክንያቶች 92 ሚሊዮን የሥራ ቦታዎች ሲጠፉ 170 ሚሊዮን አዳዲስ ይፈጠራሉ። ግምቱ በትክክል ባይደርስ እንኳ ችግሩ የት እንደ ሆነ ያመለክተናል። አሮጌው ሥራ የጠፋበት ወጣት በማግስቱ አዲሱን ሥራ ሊይዝ አይችልም፤ በሁለቱ መካከል ወንዝ አለ፤ ለወንዙም ድልድይ ያስፈልጋል። ድልድዩን ከሚሠሩት መካከል ለትርፍ ያልተቋቋሙ የሥልጠና ድርጅቶች ይገኛሉ። ድንጋዩና ኖራው የሚገዛው ደግሞ ከመንግሥት፥ ከፋውንዴሽኖችና ከኩባንያዎች በሚለገስ ገንዘብ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ጥያቄ፥ ይህ ገንዘብ በእርግጥ ወጣቱን የሚያሻግር መሆኑ በምን ይታወቃል? የሚል ነው።

ምሳሌያችንን ከአሜሪካ አገር የምንወስደው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አገር ይህ ዐይነቱ ሥራ ረዥም ዕድሜ አለው፤ ፍሬውም በጥንቃቄ ተመዝኗል። ጉድዊል የተባለው ድርጅት በ1902 በቦስተን ከተማ ኤድጋር ሄልምስ በተባለ የሜቶዲስት ካህን ተመሠረተ፤ አሮጌ ልብስና ዕቃ ሰብስቦ ድኾችን በእድሳቱ ሥራ በማሠልጠን ጀመረ። በ1995 ደግሞ ፐር ስኮላስ የተባለው በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በተባለው ሠፈር ተቋቁሞ፥ ዛሬ የኮምፒዩተር ሙያ ያለ ክፍያ ያስተምራል። በ2000 ጄራልድ ቸርታቪያን የተባለ ቀድሞ በንግድ ሥራ ላይ የነበረ ሰው በዚያው በቦስተን ዪር አፕ የተባለውን ድርጅት አቆመ። ይህ ድርጅት ከ2024 ወዲህ ዪር አፕ ዩናይትድ ተብሎ ይጠራል።

አስቀድሞ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። የመጀመሪያው ምንጭ መንግሥት ነው። በ2014 የወጣው የአሜሪካ የሠራተኞች ሥልጠና ሕግ በየክፍላተ አገሩ በሚገኙ ቦርዶች በኩል ገንዘብ ያከፋፍላል፤ ለወጣቶች ከተመደበውም ቢያንስ 75 በመቶው ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 24 ሆኖ ከትምህርት ቤት ውጭ ላሉት እንዲውል ያዝዛል። ሁለተኛው ምንጭ ባለጸጎች ያቋቋሟቸው ፋውንዴሽኖች ናቸው። በ1969 የወጣው የግብር ሕግ የግል ፋውንዴሽኖች ሀብታቸውን አከማችተው እንዳይቀመጡ፥ በየዓመቱ ለበጎ ሥራ የተወሰነ ድርሻ እንዲያወጡ አስገደዳቸው፤ ይህም ድርሻ ዛሬ ከሀብታቸው 5 በመቶ ያህል ነው። ሦስተኛው ምንጭ ኩባንያዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ አዲሱን ጥበብ የሚሠሩትና የሚሸጡት ኩባንያዎች በቅርቡ ግንባር ቀደም ሆነዋል።

ገንዘቡን ለማግኘት ድርጅቱ ፕሮፖዛል ያቀርባል። በዚህም ጽሑፍ ማንን እንደሚያሠለጥን፥ ስንት ሰው እንደሚቀበል፥ በስንት ጊዜና በስንት ወጪ እንደሚፈጽም፥ ውጤቱንም በምን እንደሚለካ ይዘረዝራል። ለጋሹ ከተስማማ ውል ይፈረማል፤ ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየክፍሉ ይለቀቃል፤ ሪፖርትና የሒሳብ ምርመራም ይከተላል። አንዳንዱ ልገሳ ለተወሰነ ሥራ ብቻ የተመደበ ነው፤ ከዚያ ላይ ለቤት ኪራይ፥ ለመብራት ወይም ለሒሳብ ሹም ደመወዝ ሊነካ አይቻልም፥ ቢቻልም በጥቂቱ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ድርጅቱ በሚያምንበት ቦታ ሁሉ እንዲያውለው በነጻ ይሰጣል። ለድርጅቱ ጤንነት የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው መሆኑን በሥራው ላይ ያሉ ሁሉ ይናገራሉ፤ አስተማሪው ያለ ክፍል፥ ክፍሉም ያለ ጠባቂ አይሆንምና።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። ዪር አፕ የሚያሠለጥነው በአንድ ዓመት ነው። ስድስቱን ወር ወጣቱ በክፍል ውስጥ የሙያ ትምህርት ይማራል፤ ከዚያም ጋር ደብዳቤ አጻጻፍ፥ የንግግር ሥርዓት፥ የመሥሪያ ቤት ጠባይ ይማራል። ስድስቱን ወር ደግሞ በእውነተኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ እየሠራ ይለማመዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለኑሮው የሚሆን መጠነኛ ገንዘብ ይከፈለዋል፤ ሲገባም ውል ይፈርማል፤ ቢዘገይ ወይም ቢቀር ከዚያው ገንዘብ ይቀነስበታል። ኑሮው ሲከብድበት የሚያማክረው ሰው አለው።

ይህን ስናነብ የቆሎ ተማሪ ትዝ ይለናል። ጥንታዊው ትምህርታችን ያለ ደመወዝ ለብዙ ዘመን ሊኖር የቻለው፥ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ሲወጣ የመንደሩ ሰው ከእንጀራው ስለ ቈረሰለት ነው። ሕዝቡ የተማሪውን ዓመታት በእንጀራው ገዝቶለታል ብንል ማጋነን አይሆንም። የተራበ ተማሪ ፊደል ሊቈጥር፥ ቅኔም ሊዘርፍ አይችልም። ዪር አፕም ያስተዋለው ይህንኑ ነው፤ ለድኻ ልጅ ትምህርቱን በነጻ መስጠት ብቻ አይበቃም፥ የሚማርበትንም ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል።

ውጤቱስ? የአሜሪካ መንግሥት ባስጠናው ሰፊ ምርመራ፥ በ2013 እና በ2014 በስምንት ቦታዎች ለመግባት ካመለከቱና ለሥልጠናው ብቁ ሆነው ከተገኙ 2,544 ወጣቶች መካከል፥ የሚገቡትና የማይገቡት በዕጣ ተለዩ። እንዲህ መደረጉ ሁለቱ ወገኖች በትጋትም በችሎታም እኩል እንዲሆኑ፥ ኋላ የሚታየው ልዩነትም የሥልጠናው እንጂ የሰዎቹ እንዳይሆን ነው። ሥልጠናው ካለቀ በኋላ የገቡት ወጣቶች ገቢ ካልገቡት በ53 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይህም ለጊዜው ብቻ የታየ አልነበረም፤ ክትትሉ እስከ ሰባተኛው ዓመት ሲዘልቅ ልዩነቱ በዓመት ከ7 ሺህ ዶላር በላይ ሆኖ ቆየ። ይህን ያህል የሚጸና ውጤት በዕጣ በተመዘኑ የወጣቶች ሥልጠናዎች ዘንድ እምብዛም አይታይም።

ወጪውም ቀላል አልነበረም። ለአንድ ወጣት 28 ሺህ ዶላር ያህል ይፈስስ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ 59 በመቶውን የከፈሉት ተለማማጆቹን የተቀበሉት አሠሪዎች ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው ሸክሙ ተከፋፍሏል። ከዚህም ሌላ ጥቅም አለ፤ ለተለማማጁ ገንዘብ የከፈለ አሠሪ ወጣቱ ምን እንደ ተማረ ይጠይቃል፤ ትምህርቱ ከሥራው የራቀ ቢሆን ቶሎ ያስታውቃል። ስለዚህ የአሠሪው ክፍያ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የትምህርቱ መቈጣጠሪያም ነው።

አሁን ደግሞ ለአዲሱ ጥበብ የተለገሰውን ገንዘብ ከዚህ ጋር እናስተያየው። በሚያዝያ ወር 2024 የጉግል ኩባንያ የበጎ አድራጎት ክፍል 75 ሚሊዮን ዶላር መድቦ፥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን የሰው ሠራሽ አስተውሎትን አጠቃቀም እንዲማሩ በድርጅቶች በኩል እንደሚረዳ አስታወቀ። በሐምሌ ወር 2025 ደግሞ ማይክሮሶፍት ለትምህርት ቤቶች፥ ለኮሌጆችና ለትርፍ ላልተቋቋሙ ድርጅቶች በአምስት ዓመት ውስጥ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሰጥ ተናገረ፤ ይህም ከፊሉ በጥሬ ገንዘብ፥ ከፊሉ በራሱ በኩባንያው የኮምፒዩተር አገልግሎት ነው።

ቁጥሮቹ ታላላቅ ናቸው፤ ነገር ግን ታላቅ ቁጥር ሲካፈል ምን እንደሚሆን ማየት የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳብ ነው። 75 ሚሊዮን ለአንድ ሚሊዮን ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 75 ዶላር ነው። ዪር አፕ ለአንድ ወጣት ካወጣው ጋር ስናስተያየው ከሦስት መቶ ሰባ እጥፍ በላይ ያንሳል። በ75 ዶላር የጥቂት ሰዓት ትምህርት በኢንተርኔት ሊሰጥ ይችላል፤ ጉግል ያዘጋጀው የመግቢያ ትምህርትም ከዐሥር ሰዓት በታች የሚፈጸም ነው። የዓመት ምግብ፥ አማካሪና የሥራ ልምምድ ግን በዚህ ዋጋ አይገዛም።

በዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛኑን የጠበቀ እንዲሆን እንወዳለን። ሥራ ያለው ሰው፥ መምህር ይሁን ነጋዴ፥ አዲሱን መሣሪያ በጥቂት ሰዓት ተዋውቆ ሥራውን ቢያቀልል መልካም ነው፤ ለዚህ 75 ዶላር ይበቃ ይሆናል። ሥራ አጥቶ በቤት የተቀመጠ፥ የሚያውቀው አሠሪ የሌለው የሃያ ዓመት ወጣት ግን የጎደለው የመሣሪያ ትውውቅ ብቻ አይደለም። እርሱ የሚያስፈልገው ልምድ፥ ምስክርና በር የሚከፍትለት ሰው ነው። ለጋሾች የሚሳሳቱት ለሁለቱ ሰዎች አንድ መድኃኒት ሲያዝዙ ነው።

በሌላም በኩል እናስላው። ከ28 ሺሁ ውስጥ የአሠሪዎቹ ድርሻ ሲነሣ ለለጋሹ የሚቀረው ለአንድ ወጣት 12 ሺህ ዶላር ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያለው ለጋሽ 80 ያህል ወጣቶችን ሊያሻግር ይችላል። 80 ማለት ለሪፖርት የማያኰራ ትንሽ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ 80 ወጣቶች ቀደም ብለን በጠቀስነው መሠረት እያንዳንዳቸው በዓመት 7 ሺህ ዶላር ጨምረው ቢያገኙ፥ በአንድ ላይ 560 ሺህ ዶላር ይሆናል። ከለጋሹ እጅ የወጣው ገንዘብ በሁለት ዓመት ውስጥ በወጣቶቹ ቤት ተመልሶ ይገኛል ማለት ነው። በዚያው አንድ ሚሊዮን ለዐሥራ ሦስት ሺህ ሰዎች የምስክር ወረቀት መስጠት ይቻላል፤ ወረቀቱ ስንቱን ቀጣሪ ዘንድ እንዳደረሰ ካልተቈጠረ ግን የገንዘቡ ፍሬ አይታወቅም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የዪር አፕ ምርመራ የተጀመረው አዲሱ ጥበብ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው፤ ወጣቶቹ የሠለጠኑባቸውም ሥራዎች እንደ ኮምፒዩተር ጥገና፥ የደንበኛ ርዳታና የባንክ መዝገብ ያሉ፥ ዛሬ መሣሪያው የሚዳፈራቸው ናቸው። ስለዚህ የትናንቱ ሥልጠና እንዳለ ቢደገም የትናንቱን ፍሬ ያፈራል ብሎ መማል አይቻልም። የሚጸናው የአሠራሩ አጥንት ነው፤ ይኸውም ረዥም ጊዜ፥ የኑሮ ድጋፍ፥ አማካሪና በሥራ ቦታ የሚደረግ ልምምድ ነው። የትምህርቱ ሥጋ ግን መለወጥ አለበት።

ምን ይጨመርበት? ለዚህ ዘመን ሥራ የሚዘጋጅ ወጣት ሁሉ የመሣሪያው ሠሪ አይሆንም፤ አብዛኛው በመሣሪያው የሚሠራ ነው። መሣሪያው ሐሰቱንም እንደ እውነት አሳምሮ የሚጽፍበት ጊዜ አለ፤ ያልተጻፈ መጽሐፍ ይጠቅሳል፥ ያልተደረገ ነገር ይተርካል። ስለዚህ ዋጋ የሚያወጣው ሠራተኛ ጥያቄውን አጥርቶ የሚያቀርብ፥ መልሱን የሚመረምር፥ ስሕተቱን የሚያርም፥ ለፈረመበትም ነገር ኀላፊ የሚሆን ነው። ይህ ደግሞ የሚበቅለው አንብቦ ከመረዳት፥ አጥርቶ ከመጻፍ፥ በቁጥር ከማሰብና የሥራውን ዕውቀት ጠንቅቆ ከመያዝ ነው። የሒሳብን መዝገብ የማያውቅ ሰው መሣሪያው የሠራውን የሒሳብ መዝገብ ሊያርም አይችልምና፥ አሮጌው ዕውቀት በአዲሱ ጥበብ ምክንያት አልረከሰም፤ ይልቁንም ተፈላጊነቱ ጨመረ።

ከልገሳ አሰጣጥ በኩል ሦስት ሕመሞች መጠቀስ ይገባቸዋል። አንደኛው የጊዜ ማጠር ነው፤ ለአንድ ዓመት ብቻ የተሰጠ ገንዘብ አስተማሪ ተቀጥሮ፥ ወጣቱ ሠልጥኖ፥ ሥራ ይዞ ሳይታይ ያልቃል። ሁለተኛው ራስ መቍጠር ነው፤ «ስንት ሰው ተመዘገበ?» ብሎ የሚጠይቅ ለጋሽ ብዙ መዝጋቢ እንጂ ጥሩ አሠልጣኝ አያፈራም። ሦስተኛው ለጋሹ ራሱ ሻጭ ሲሆን የሚመጣው ነው፤ ኩባንያው የራሱን መሣሪያ ብቻ ቢያስተምር፥ ወጣቱ የሙያ ባለቤት ሳይሆን የአንድ ሱቅ ደንበኛ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ገንዘቡን መቀበል ነውር አይደለም፤ ድርጅቱ ግን ትምህርቱን ራሱ ሊመርጥ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ በአሜሪካ ላሉ ቤተ ሰቦች ብቻ የሚነገር አይደለም። በአፍሪካ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን በ2018 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 ድረስ 30 ሚሊዮን ወጣቶች ክብር ያለው ሥራ እንዲያገኙ ለመርዳት ተነሥቷል፤ ከሚሠራባቸውም አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ2024 ደግሞ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የኮምፒዩተር ሙያ መሠረት በኢንተርኔት በነጻ እንዲማሩ መርሐ ግብር ተከፍቷል። ዕድሉ መልካም ነው፤ ልጆቻችን ይጠቀሙበት እንላለን። የምስክር ወረቀቱ ግን የመንገዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ወላጆች ማወቅ አለባቸው። መሣሪያው በአማርኛ የሚሳሳተው በእንግሊዝኛ ከሚሳሳተው ስለሚበዛ፥ ሁለቱን ቋንቋ ጠንቅቆ የሚያውቅ ወጣት በእጁ ያለውን ሀብት እንዳይንቅ ማስታወስም ያስፈልጋል።

ስለዚህ ልጁን ወይም እኅቱን ወደ አንድ የሥልጠና ድርጅት የሚልክ ቤተ ሰብ፥ ሕንጻውንና የለጋሹን ስም አይቶ ከመደነቅ በፊት እነዚህን ይጠይቅ። ባለፈው ዓመት ከገቡት ስንቱ ጨረሱ? ከጨረሱት ስንቱ በስድስት ወር ውስጥ ሥራ ያዙ፥ ደመወዛቸውስ ስንት ነው? ልምምዱ በየትኛው መሥሪያ ቤት፥ ለስንት ወር ነው? ተማሪው ሲማር በምን ይኖራል? የልገሳው ገንዘብ መቼ ያልቃል፥ ባለቀ ጊዜስ የተጀመረው ክፍል ይቀጥላል? እነዚህን የሚመልስ ድርጅት ቢገኝ በአደራ ሊሰጡት ይቻላል። መልስ ሳይሰጥ የተመዘገቡትን ብዛት ብቻ የሚነግር ቢሆን ግን ሌላ መፈለግ ይሻላል።

የሚለግስም ሰው፥ ባለጸጋ ይሁን ወይም ከወር ደመወዙ ጥቂት የሚያዋጣ ማኅበርተኛ፥ በዚሁ ሚዛን ይመዝን። ለመቶ ሰው ቍራሽ ከማደል ለዐሥር ሰው ማረሻ መግዛት የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ይህም ጊዜ አንዱ ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ ዕንቍላሉ ግን የሚፈለፈለው ዶሮዋ ቀኗን ጨርሳ ስትታቀፈው ነው። ለወጣቶች የሚለገስ ገንዘብም መለኪያው ስንቱን ነካ ሳይሆን፥ ስንቱን እስኪፈለፈል ድረስ ታቀፈ የሚለው ነው።